ብሉይ ኪዳንን በኮሌጅ ደረጃ ለመጀመር፦ የትኛው መንገድ ለማን?

«ብሉይ ኪዳንን በወጉ መማር ፈልጌ ነበር፤ የት ልመዝገብ?» የሚለኝ ሰው በየመስከረሙ አይጠፋም። አብዛኛው የሚያወዳድረው ክፍያውን፣ የመንገዱን ርቀትና የማታ ክፍል መኖር አለመኖሩን ነው። እሱም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለት የመግቢያ ኮርሶች ስማቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ የሚታወቀው መምህሩ መጽሐፉን ገልጦ ማንበብ ሲጀምር ነው። ስለዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ፦ ሂድና ኢሳይያስ ምዕራፍ 7ን እንዴት እንደሚያስተምሩ ጠይቀህ ና።

ቁጥር 14ን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። «እነሆ፥ ድንግል ትፀንሳለች፥ ወንድ ልጅም ትወልዳለች» የሚለው በየገናው ይነበባል። ከቁጥር 1 እስከ 13 ያለውን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ታሪኩ እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ735 ዓመት ገደማ የሶርያው ንጉሥ ረአሶንና የእስራኤሉ ንጉሥ ፋቁሔ ግንባር ፈጥረው በይሁዳ ላይ ዘመቱ። የይሁዳው ንጉሥ አካዝ በፍርሃት ራደ። ኢሳይያስ ልጁን ያሱብን ይዞ ከውኃ መስኖው ዳር አገኘውና «አትፍራ፤ ከፈለግህ ምልክት ጠይቅ» አለው። አካዝ እግዚአብሔርን አልፈታተንም ብሎ እምቢ አለ። አነጋገሩ መንፈሳዊ ይምሰል እንጂ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 16ን ያነበበ ሰው ሌላ ነገር ያያል፦ አካዝ የቤተ መቅደሱን ብርና ወርቅ ጭኖ ወደ አሦር ንጉሥ ወደ ቴልጌልቴልፌልሶር ልኮ «ባሪያህ ነኝ፣ አድነኝ» ብሏል። ነቢዩ የሰጠው ምልክትም ቀጠሮ ነበረው፤ ሕፃኑ ክፉን ጠልቶ መልካሙን መምረጥ ሳያውቅ የሁለቱ ነገሥታት ምድር ባድማ ይሆናል። ደማስቆ በ732 ወደቀች፣ ሰማርያ በ722።

ማቴዎስ ደግሞ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ይህንኑ ቃል ስለ ማርያም ይጠቅሰዋል። በሁለቱ መካከል አንድ ቃል አለ። ዕብራይስጡ «ዓልማ» ይላል፤ ለትዳር የደረሰች ወጣት ሴት ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩት የግሪክኛ ተርጓሚዎች «ፓርቴኖስ»፣ ድንግል አሉት። ማቴዎስ የጠቀሰው እሱን ነው፤ የእኛም ግእዝ የተተረጎመው ከግሪክኛው በመሆኑ «ናሁ ድንግል ትፀንስ» አለ። እንግዲህ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ታሪክ፣ የጽሑፍ ቅጂ፣ ትርጉምና ክርስቶስ ተገናኙ። አንድ ኮርስ ከእነዚህ የትኛውን አስቀድሞ የትኛውን እንደሚዘል ካወቃችሁ የኮርሱን ጠባይ አወቃችሁ ማለት ነው።

የትርጓሜ ቤቱ መንገድ

ከአብነት ትምህርት እጀምራለሁ፤ በአማርኛ ለሚያስብ ሰው ይህን መንገድ ሳያይ ሌላውን ማየት ያጎድላል። ንባብ ቤትን፣ ዜማ ቤትንና ቅኔ ቤትን ያለፈ ተማሪ መጻሕፍት ቤት ይገባል። እዚያ አራት ጉባኤ አለ፦ ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት። ብሉያት ላይ የሚቀመጠው ተማሪ የኢሳይያስን ግእዝ ያነባል፣ መምህሩ በአማርኛ ይፈታል፣ ከዚያ ሐተታው ይከተላል፤ ታሪክ ሲያስፈልግ ታሪኩ ይነገራል፤ ቃሉ ከአንድ በላይ ምሥጢር ከያዘ «አንድም» ተብሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ይጨመራል።

ይህ «አንድም» የምትባል ቃል ብዙ የውጭ ኮሌጆች በአራት ዓመት የማይሰጡትን ትምህርት ትሰጣለች። ተማሪው አንድ ንባብ ሁለት ትርጉም ሊሸከም እንደሚችል፣ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው እንደማይባረር ገና ከጅምሩ ይለምዳል። ኢሳይያስ 7 ላይ የመንገዱ መጨረሻ ግልጽ ነው፤ ድንግል ማርያምና አማኑኤል። ጥሩ መምህር ግን አካዝንና ረአሶንን ሳያሳልፍ እዚያ አይደርስም።

ጉድለቱስ? አንደኛ፣ መግቢያ አይደለም። ግእዙን ሳይዘልቁ ብሉያት ላይ መቀመጥ አይቻልም፤ ዓመታትም ይጠይቃል። ዋሽንግተን ወይም ሮም እየሠራ ቅዳሜ ብቻ የሚተርፈው ሰው በዚህ መንገድ ልጀምር ቢል ራሱን ማታለል ይሆናል። ሁለተኛ፣ መሠረቱ ግእዙ ስለሆነ ዕብራይስጡ ምን ይላል የሚለው ጥያቄ ብዙም አይነሣም። የአሦር ነገሥታት ራሳቸው ስለ ዘመቻቸው ያስቀረጹትን ጽሑፍ ከንባቡ ጎን አስቀምጦ ማየትም የጉባኤው ልማድ አይደለም።

ለኦርቶዶክሳዊ ጀማሪ ያለው መካከለኛ መንገድ የቤተ ክርስቲያኒቱ የነገረ መለኮት ተቋማት ናቸው፤ አዲስ አበባ ያለው ቅድስት ሥላሴ የታወቀው ነው። እዚያ ትምህርቱ በክሬዲትና በፈተና ይሰጣል። ከመመዝገባችሁ በፊት የኮርስ አውትላይኑን አይታችሁ አንድ ነገር ብቻ አጣሩ፦ አንድምታው በኮርሱ ውስጥ ይነበባል ወይስ ስሙ ብቻ ይጠቀሳል? ስሙ ብቻ የሚጠቀስ ከሆነ ያን ኮርስ ሌላ ቦታም ታገኙታላችሁ።

የዳሰሳ ኮርስ

በወንጌላውያን ኮሌጆችና ሴሚናሪዎች የመጀመሪያው ዓመት መደበኛ ምግብ የብሉይ ኪዳን ዳሰሳ ነው። ከዘፍጥረት እስከ ሚልክያስ ይሄዳል፦ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለማን፣ ዋና አሳቡ ምንድን ነው፣ በአዲስ ኪዳን እንዴት ተፈጸመ። ለጀማሪ ካርታ ይሰጣል። ሩት ከመሳፍንት በኋላ ለምን እንደመጣች፣ ሐጌ ከአሞጽ ስንት ዘመን እንደሚርቅ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን ያደግን ሰዎች ታሪኮቹን እናውቃቸዋለን፣ ቅደም ተከተላቸውን ግን አናውቅም።

እስቲ እናስላ። የ39ኙ መጻሕፍት ምዕራፎች 929 ናቸው። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ነው ብንል በሳምንት 58 ምዕራፍ፣ በቀን ከስምንት በላይ ማንበብ ይመጣል። ይህን የሚያነብ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የሚነበበው ሃንድአውቱ ይሆናል። እኔም ከዚሁ ጉድጓድ ገብቼ ወጥቻለሁ። የተማርኩበት ኮሌጅ የፈተነኝ የሰሜንና የደቡብ ነገሥታትን ስም በዝርዝር ነበር፤ ሸምድጄ አለፍኩ። ከፈተናው በኋላ አንድ የሰንበት ትምህርት ልጅ «መንግሥቱ ግን ለምን ለሁለት ተከፈለ?» ሲለኝ አፌን ያዝኩ። 1ኛ ነገሥት 12 ላይ ሮብዓም ቀንበሩን እንዲያቀልል ሲለመን የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ የአብሮ አደጎቹን መስማቱን አላነበብኩም ነበር። ዝርዝሩን አውቄ ታሪኩን ሳላውቅ ኮርሱን ጨርሻለሁ።

ስለዚህ ዳሰሳን ከመረጣችሁ በሁለት ሴሚስተር የተከፈለውን ውሰዱ፤ ደግሞም መምህሩ ሃንድአውቱን ነው የሚፈትነው ወይስ መጽሐፉን የሚለውን አምና የተማሩ ልጆችን ጠይቁ።

ኢሳይያስ 7 በዳሰሳ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው የሚያገኘው፤ «የመሲሑ ልደት ትንቢት፣ በማቴዎስ 1፥23 ተፈጸመ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን አካዝ የሰማውን ሳንሰማ ፍጻሜውን ብቻ ስንሰማ፣ ትንቢት ማለት የተቆለፈ ሣጥን ሆኖ ሰባት መቶ ዓመት የሚጠብቅ ነገር ይመስለናል። ነቢያት በመጀመሪያ የተናገሩት ፊታቸው ለቆመ ሰው ነው።

ሂሳዊው መግቢያ

ሦስተኛው መንገድ ብዙ ምእመናን የሚፈሩት፣ ጥቂቶች ደግሞ ያለ ልክ የሚመኩበት ነው። መጽሐፉ መቼ፣ በማንና ከምን ምንጭ ተጻፈ ብሎ ይመረምራል፤ የሚነሣውም ከንባቡ ውስጥ ከሚታዩ ስፌቶች ነው። ዘፍጥረት 1ን እና 2ን ውሰዱ። በዕብራይስጡ ምዕራፍ 1 ፈጣሪን «ኤሎሂም» ብቻ ይለዋል፤ ከ2፥4 ጀምሮ አራት ፊደል ያለው መለኮታዊ ስም ተጨምሮ ይመጣል። አማርኛው ለመጀመሪያው «እግዚአብሔር»፣ ለሁለተኛው «እግዚአብሔር አምላክ» ስለሚል ልዩነቱ ለእኛ በግማሽ ይሸፈናል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን አስትሩክ እ.ኤ.አ. በ1753 ሙሴ የተለያዩ የቀድሞ ምንጮችን ተጠቅሟል ብሎ የጻፈው ከዚህ ተነሥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ጀርመናዊው ዩሊየስ ቬልሃውዘን አሳቡን እጅግ አስፋፍቶ አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት በተለያየ ዘመን ከተጻፉ አራት ምንጮች ተሰፍተዋል አለ። ዛሬ በዝርዝሩ የሚስማማ ሰው ቢያንስም ጥያቄው አልተዘጋም። እዚያው ኢሳይያስ ውስጥ ከምዕራፍ 40 በኋላ ቂሮስ በስሙ ሲጠራ፣ ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ፈርሳ ሕዝቡም በባቢሎን ተማርኮ ሳለ የተነገረ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አይደለም፣ የአሞጽ ልጅ ኢሳይያስ አስቀድሞ አይቶ ተናገረው የሚሉ አማኝ ሊቃውንትም አሉ።

ይህን ሲሰማ እምነቱ የሚናወጥ ተማሪ አይቻለሁ። ተናውጦ ጠንክሮ የተመለሰም አይቻለሁ። ልዩነቱን የሚያመጣው መምህሩ ይመስለኛል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1943 ፓፓ ፒዮስ 12ኛ ባወጡት መልእክት ሊቃውንቷ የጥንቱን ቋንቋ፣ የአጻጻፍ ዓይነትና ታሪክ እንዲያጠኑ አበረታታለች፤ ስለዚህ በካቶሊክ ተቋማት ሂሳዊው ጥናትና ጸሎቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ማየት እንግዳ አይደለም። በፕሮቴስታንቱም በኩል አሜሪካዊው ብሬቫርድ ቻይልድስ እ.ኤ.አ. በ1979 ምንጮቹን ከመቆራረጥ ባሻገር መጽሐፉ በመጨረሻ መልኩ ለማኅበረ ምእመናን ቅዱስ መጽሐፍ ሆኖ ምን እንደሚል መጠየቅ አለብን ብሎ መንገድ ከፍቷል።

ኢሳይያስ 7 እዚህ ክፍል ውስጥ ሙሉ ሰዓት ያገኛል፤ ጦርነቱ፣ አሦር፣ ዓልማ፣ ሁሉም ይነሣል። ከዚያ ግን ደወል ይደወላል። ማቴዎስ «በኋላ የመጣ ንባብ» ተብሎ ለሌላ ኮርስ ይተላለፋል፤ ያ ሌላ ኮርስም ብዙ ጊዜ አይመጣም። ዳሰሳው ፍጻሜውን ሰጥቶ መነሻውን ይነሣል፤ ሂሳዊው መነሻውን ሰጥቶ መንገድ ላይ ጥሏችሁ ይሄዳል።

እንግዲህ የእኔ ሚዛን ይህ ነው፦ ወደ ቤተ ልሔም ከመሄዱ በፊት ከአካዝ ጋር ቢያንስ ግማሽ ሰዓት የሚቆይ፣ ደግሞም ከአካዝ ጋር ብቻ የማይቀር መምህር ያለበት ክፍል። የተቋሙ ስም ከዚህ በኋላ ይምጣ።

አንድ ተጨማሪ መፈተኛ ጥያቄ

መምህሩን ወይም የቀድሞ ተማሪ ካገኛችሁ «ዘፀአት መቼ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። 1ኛ ነገሥት 6፥1 ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን መሥራት የጀመረው እስራኤል ከግብፅ በወጡ በ480ኛው ዓመት ነው ይላል፤ ተቆጥሮ ወደ ኋላ ሲኬድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1446 አካባቢ ይደርሳል። ዘፀአት 1፥11 ደግሞ ዕብራውያን ራምሴ የምትባል ከተማ እንደሠሩ ይናገራል፤ ይህ ብዙዎችን ወደ 13ኛው ክፍለ ዘመን ይወስዳቸዋል። የግብፁ ፈርዖን መርኔፕታህ በ1208 ገደማ ባቆመው ሐውልት ላይ «እስራኤል» የሚል ስም በከነዓን ስለሚገኝ ከዚያ ወዲህ መምጣት ያስቸግራል። የግሪክኛው ትርጉም ደግሞ 480 ያለውን 440 ይለዋል። አንዱን ቀን ብቻ ነግሮ ሌላውን የሚደብቅ መምህር፣ ወግ አጥባቂም ይሁን ዘመናዊ፣ ለጀማሪ አይሆንም። የትኛውን እንደሚይዝ ተናግሮ የሌላውን ወገን ምክንያት በቅንነት የሚያስረዳውን ያዙት።

ጠረጴዛው ላይ የትኛው መጽሐፍ ቅዱስ?

ይህ ከኮሌጁ ምርጫ ያላነሰ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ኮርሱ ከተጀመረ በኋላ ነው የሚያስበው።

በመጀመሪያ ቆጠራው። አይሁድ መጽሐፋቸውን 24 ብለው ይቆጥሩታል፤ ፕሮቴስታንቶች ያንኑ ይዘት ከፋፍለው 39 ይሉታል፤ ካቶሊኮች 46 አላቸው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሰማንያ አሃዱ ብላ በምትቆጥረው ውስጥ ሄኖክ፣ ኩፋሌና መቃብያን አሉ። ቅደም ተከተሉም ይለያያል። አይሁድ ዳንኤልን ከነቢያት ሳይሆን «መጻሕፍት» ከሚሉት ሦስተኛው ክፍል ያደርጉታል፤ የሚጨርሱትም በዜና መዋዕል ነው። እኛ ደግሞ ሩትን ከሙሴ መጻሕፍት፣ ከኢያሱና ከመሳፍንት ጋር ደምረን ስምንቱን ብሔረ ኦሪት እንላለን። «ኦሪት አምስት ናት» በሚል መምህር ፊት ስምንት ብትሉ ግራ ይጋባል፤ እናንተ ግን አልተሳሳታችሁም።

ሄኖክን በተመለከተ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሊያፍርበት አይገባም፣ ሊታበይበትም አይገባም። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች በተገኙት ጥቅልሎች መካከል የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ወጥተዋል፣ የኩፋሌም የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች። የይሁዳ መልእክትም ሄኖክን ይጠቅሳል። ሄኖክን ቀኖና ነው የማይል ኮሌጅ ብትገቡ እንኳ፣ በክርስቶስ ዘመን ሰዎች ምን ያነቡ ነበር የሚለውን ለማወቅ ስትሉ አንብቡት። ከክፍል ጓደኞቻችሁ በአማርኛ ወይም በግእዝ የማንበብ ዕድል ያላችሁ እናንተ ናችሁ።

የመዝሙር ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ ያጣላል። ዳዊት ሲደግም ያደገ ሰው «እግዚአብሔር ይሬእየኒ»ን 22 ብሎ ነው የሚያውቀው፤ ዕብራይስጡን በሚከተሉት 23 ነው። «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ» ለአንዱ 67፣ ለሌላው 68። ምክንያቱ የግሪክኛው ትርጉም 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ ማድረጉ ነው። ለፈተና ስትጽፉ የምትጠቀሙበትን ቁጥር መጀመሪያ ላይ ግለጹ፤ በዚህ ነጥብ የተቀነሰበት ሰው አውቃለሁ።

ኤርምያስ ላይ ልዩነቱ ከቁጥር ያልፋል። የግሪክኛው ኤርምያስ ከዕብራይስጡ በአንድ ስምንተኛ ያህል ያጥራል፣ በአሕዛብ ላይ የተነገሩት ትንቢቶችም የተቀመጡት በሌላ ቦታ ነው። ድሮ «ግሪኩ ቆርጦት ነው» ይባል ነበር፤ ከቁምራን አጭሩን ንባብ የሚደግፉ የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች ሲገኙ በጥንት ዘመን ሁለት ዓይነት የኤርምያስ ቅጂ ጎን ለጎን እንደነበረ ታየ። ሰብዓ ሊቃናትን፣ ማለትም የግሪክኛውን ትርጉም ተከትላችሁ ያደጋችሁ ከሆናችሁ ይህ ደስ የሚል ዜና ነው። ማሶሬቶች የሚባሉት የአይሁድ ሊቃውንት የጠበቁትን ዕብራይስጥ ብቻ የምታውቁ ከሆናችሁ ደግሞ ትሕትና ያስተምራል።

ከአማርኛዎቹ በተለምዶ የ1954 የሚባለው አሁንም የብዙ ክፍሎች መሠረት ነው፤ ከዕብራይስጡ ቅርጽ ብዙ ስለማይርቅ ቃል ለቃል ለመከታተል ይመቻል፣ አማርኛው ግን ለዛሬ ልጅ ይከብዳል። በ1980 ዓ.ም. የወጣው ቀላል አማርኛ ታሪክ በፍጥነት ለማንበብ ጥሩ ነው፤ ለቃል ጥናት አልመክረውም። አዲሱ መደበኛ ትርጉም (1993 ዓ.ም.) በሁለቱ መካከል ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሰማንያ አሃዱ በ2000 ዓ.ም. የታተመው ለኦርቶዶክስ ተማሪ የግድ ነው። ገንዘቡ ለሁለት የሚበቃ ሰው የ1954ን እና ሰማንያ አሃዱን ይያዝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛን በቀጥታ ስለሚነካ። በብሉይ ኪዳን «ኢትዮጵያ» የምንለው በዕብራይስጡ «ኩሽ» ነው። ግሪኩ «ኢትዮጵያ» አለው፣ ግእዙም ተከተለ። ኩሽ በዋናነት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የኑብያ ምድር ይመለከታል፤ በ2ኛ ነገሥት 19፥9 የሚጠቀሰው የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ ግብፅን ከገዙት የኩሽ ፈርዖኖች አንዱ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ «ኢትዮጵያን ከመጽሐፍ ቅዱስ ሊያወጡብን ነው» ትሉ ይሆናል። አሞጽ 9፥7ን ግን እዩት፦ እግዚአብሔር ለእስራኤል ልጆች፣ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን ይላቸዋል። ኩሽ የትም ይሁን የት፣ ይህ ቃል በእስራኤል ኩራት ላይ የተወረወረ ድንጋይ ነው፤ ስለ ስሙ ስንከራከር ድንጋዩ እንዳያመልጠን።

ዕብራይስጥ ልማር ወይስ ይቅር?

ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጀማሪ «መጀመሪያ ዳሰሳ፣ ቋንቋው በኋላ» ይባላል። ለእኛ ግን ምክሩን ልለውጠው እደፍራለሁ። አማርኛ የሚናገር፣ ይልቁንም ግእዝ የቀመሰ ሰው ዕብራይስጥን ሲጀምር ከግማሽ መንገድ ነው የሚነሣው። «ሼም» ስም፣ «ዳም» ደም፣ «ሮሽ» ራስ፣ «ሻማዪም» ሰማይ፣ «ኔፌሽ» ነፍስ። ቤቴ ለማለት «ቤቲ»፣ ቤቱ ለማለት «ቤቶ» ይላሉ። ሦስት ፊደል ያለው ሥር ይዞ ግሥን ማርባት ለአውሮፓዊ ራስ ምታት ነው፤ አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ እያለ አዕማድ ለቆጠረ የቅኔ ተማሪ ሰባቱን የዕብራይስጥ የግሥ ቅርጾች መልመድ የዘመድ ቤት መግባት ነው። ፊደሎቹንስ? አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ በግእዙ መዝሙር 118ን የደገመ ሁሉ 22ቱን ስማቸውን ያውቃቸዋል፤ የቀረው መልካቸው ነው።

ዘመድነቱ ግን ያሳስታልም። «ሌሔም» በዕብራይስጥ እንጀራ ነው፣ ቤተ ልሔምም የእንጀራ ቤት። በድምፅ የሚቀርበው የግእዙ «ላህም» ላም ነው፤ ባሕረ ሰላጤው አገር የሚሠሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት የዓረብኛው «ለሕም» ደግሞ ሥጋ። እስራኤል ላሉ ቤተሰቦቻችንም ዘመናዊው ዕብራይስጥ ትልቅ ስንቅ ነው፤ የግሡ ጊዜ አያያዝ ግን በጥንቱ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ መሆኑን ይጠብቁ።

ጥቅሙን በአንድ ቃል ላሳይ። «ሔሴድ» የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ ቦታ «ምሕረት» ተብሏል። እኛ ምሕረት ስንል የበደለን ይቅር ማለት ይመጣልናል። ሔሴድ ግን በኪዳን የታሰረ ሰው ለኪዳን ወዳጁ የሚያሳየው የማይከዳ በጎነት ነው። «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» የሚለውን መዝሙር በዚህ ዓይን መልሳችሁ ስታነቡ፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ግሥ ያረባችሁት ለዚህ እንደነበር ይገባችኋል። ጊዜ ለሌለው ፊደሉንና ወደ ሁለት መቶ የሚሆኑ ቃላትን ብቻ መያዝም ይበቃል፤ የዕብራይስጡን ንባብ የሚያሳዩትን ድረ ገጾች ስቴፕ ባይብልንና ሴፋሪያን በነጻ ከፍቶ ራሱ ማመሳከር ይችላል።

ብቻዬን፣ ከስልኬ ልማርስ?

ይቻላል። የአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 የቀረጸው፣ 24 ትምህርት ያለው የክሪስቲን ሄይስ የብሉይ ኪዳን መግቢያ በነጻ ይገኛል፤ ግሩም መምህርት ናት። ኮርሱ ግን የእምነት ኮርስ አይደለም፤ መጽሐፉን እንደ ጥንታዊ የእስራኤል ሥነ ጽሑፍ ነው የሚያየው። ሂሳዊውን መንገድ ሳትከፍሉ ለመቅመስ ከዚህ የተሻለ አላውቅም፣ ብቸኛ ምግብ ማድረግን ግን አልደግፍም። ብቻውን የሚማር ሰው ትልቁ ችግሩ የሚያስቆመው ማጣቱ ነው። ሁለት ሰው ፈልጉ፣ በሳምንት አንድ ምሽት ተገናኙ፣ አንዱ ሁልጊዜ ተቃራኒውን ይከራከር።

እንግዲህ ለማን የቱ?

የሰንበት ትምህርት ወይም የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የምታስተምሩና በአንድ ዓመት የሚይዝ ካርታ የምትፈልጉ፣ ሁለት ሴሚስተር ያለውን ዳሰሳ ውሰዱ፤ ጎን ለጎን አንድ መጽሐፍ፣ አሞጽን ወይም ሩትን፣ ከዳር እስከ ዳር አጥኑ። ግእዝ ያላችሁና ጊዜ ያላችሁ፣ ትርጓሜ ቤቱን አትለፉ፤ መጀመሪያ እሱን፣ ሂሳዊውን በኋላ። ዳሰሳ ጨርሳችሁ «ይህን ሁሉ ሰምቼዋለሁ» የምትሉ፣ ሂሳዊው ነው የሚቀጥለው፤ የሚጸልይ መምህር ፈልጉ እንጂ አትሽሹት። ለሥራ ምስክር ወረቀት የምትፈልጉ ደግሞ ያ ወረቀት የት የት እንደሚያገለግል ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ አስረጋግጡ፤ በዚህ ነገር የተጎዳ ብዙ ነው።

አብዛኞቹ ተቋማት አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ቁጭ ብሎ ለመስማት የሚጠይቅን ሰው አይመልሱም። ስትሄዱ ኢሳይያስ 7ን እና 2ኛ ነገሥት 16ን በአንድ ምሽት አንብባችሁ ሂዱ፤ ትምህርቱ ሲያልቅም መምህሩን «አካዝ ምልክት ጠይቅ ሲባል ለምን እምቢ አለ?» ብላችሁ ጠይቁት።